ተውባ አድርጎ ወደ ወንጀሉ የሚመለስ ሰው ሶላቱን ያቁም ወይ?

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አንድ ወንድማችን «ተውባ ባደረግኩ በሳምንቱ ወደዚያው ወንጀል (ኃጢአት) እመለሳለሁ፤ ከዚያ ተነሥቼ መስገዴ በአላህ ላይ መቀለድ እየመሰለኝ ስለተቸገርኩ፣ እስክስተካከል ድረስ ሶላቱን ላቆም አስቤአለሁ። ለተውባ የተለየ ሶላትስ አለ ወይ?» ብሎ ጠይቋል። ይኸው ሐሳብ እኔን ራሴን ሰባት ወር ያህል ከሶላት አርቆኝ ስለነበር፣ ካየሁትና ከተማርኩት ልመልስልህ።

ወንድሜ ሆይ፣ ሶላቱን አታቁም። የሐዲስ ሰብሳቢዎቹ ቡኻሪና ሙስሊም ከነቢዩ ባልደረባ ከአቡ ሁረይራ በዘገቡት ሐዲስ፣ አንድ ባሪያ ወንጀል ሠርቶ «ጌታዬ ሆይ ማረኝ» ሲል፣ አላህ «ባሪያዬ ወንጀልን የሚምርና በወንጀል የሚቀጣ ጌታ እንዳለው ዐወቀ» ብሎ ይምረዋል። ሰውየው ተመልሶ ይወነጅላል፣ ተመልሶም ይለምናል፤ ይህ ሦስት ጊዜ ይደጋገማል፤ በሦስቱም ይማራል። ዑለማዎች (የሃይማኖት ሊቃውንት) ሲያብራሩት፣ ይህ ወንጀልን ለማስለመድ የተሰጠ ፈቃድ አይደለም፤ ባሪያው በየጊዜው ከልቡ እስከተጸጸተና እስከተመለሰ ድረስ በሩ እንደማይዘጋበት የሚያስረዳ ነው። ልብ በል፣ ተውባህ እውነተኛ የሚሆነው ስታደርገው ላለመመለስ ቆርጠህ ከነበረ ነው፤ በኋላ ተሸንፈህ መውደቅህ ያለፈውን ተውባ ውሸት አያደርገውም፣ አዲስ ተውባ ያስፈልገዋል እንጂ። «ነገ እንደምመለስ ዐውቃለሁ፣ ዛሬ ግን አስተግፊሩላህ ልበል» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

የእኔን ልንገርህ። በሃያዎቹ ዕድሜዬ መጀመሪያ ላይ መርካቶ ውስጥ በአንድ ሰው የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ተቀጥሬ ስሠራ፣ ከዕለቱ ሽያጭ ላይ ጥቂት ጥቂት ብር መቀነስ ጀመርኩ። መጀመሪያ ብድር ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ፤ በኋላ ግን ስሙን ማሳመር እንኳ ተውኩት። የሌባ ሶላት ምን ያደርጋል ብዬ መስገድ አቆምኩ፤ ይህንንም እንደ ቅንነት እቆጥረው ነበር። ሶላቱን ካቆምኩ በኋላ የምወስደው ብር ጨመረ እንጂ አልቀነሰም፤ ምክንያቱም በቀን አምስት ጊዜ የሚያሳፍረኝ ነገር አልነበረም። ያጫወትኳቸው አንድ አረጋዊ ኡስታዝ አልተቆጡኝም። «ስርቆቱንና ሶላቱን ይዘህ ነበር፤ አንዱን ተው ሲባል ሶላቱን እንድትተው የመከረህ ማን ይመስልሃል?» ብለው ዝም አሉ። መልሱን ሁለታችንም እናውቀው ነበር።

በማግስቱ ከሱብሂ ጀምሬ መስገድ ቀጠልኩ። እጄ ግን ወዲያው አልታጠፈም፤ ሁለት ወር ያህል እየሰገድኩ ወስጃለሁ። አንድ ቀን ዐስር ላይ ከጀመዓው ጋር ሱጁድ ስወርድ፣ ያን ዕለት ጠዋት አጣጥፌ በደረት ኪሴ የከተትኳቸው ብሮች ተንሸራተው ግንባሬን ካሳረፍኩበት ምንጣፍ ላይ ወደቁ። አፍንጫዬ አጠገብ ነበሩ። «ሱብሓነ ረቢየል አዕላ» እያልኩ ብሮቹን አየኋቸው፤ ከዚያ ሱጁድ ቀና ስል ሰውነቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ብር አልነካሁም፣ አልሐምዱሊላህ። ሶላቱን አቁሜ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ብሮች ከኪሴ የሚወድቁበት ቦታ አይኖርም ነበር።

ወንጀልህ ምን እንደሆነ አልገለጽክም፤ መግለጽም የለብህም፤ አላህ የሸፈነውን ራስህ አትግለጠው። የሰው ሐቅ (መብት ወይም ገንዘብ) ያለበት ከሆነ ግን ሶላት ብቻውን አይበቃም። ኢማም ነወዊ ለተውባ ሦስት መስፈርት ይጠቅሳሉ፤ ወንጀሉን ማቆም፣ መጸጸትና ዳግም ላለመመለስ መቁረጥ። የሰው ሐቅ ካለበት አራተኛ ይጨመራል፤ ሐቁን ለባለቤቱ መመለስ ወይም ዐፉ (ይቅር) ማስባል። እኔ ያስታወስኩትን ሁሉ ደምሬ 7,400 ብር ሆነ፤ በተጠራጠርኩበት ወደ ላይ አጠጋግቼ ነው። ባለሱቁን ቤቱ ሄጄ ነገርኩት። ወዲያው ዐፉ አላለኝም፤ ለረጅም ጊዜ ፊቴን ሳያይ ቆየና «ሐቄን አምጣ፣ ከዚያ እናያለን» አለኝ፤ ልክም ነበር። በ11 ወር ከፍዬ ጨረስኩ፤ የመጨረሻውን ስሰጠው «ሐላል ብያለሁ» አለኝ። መናገሩ ከዚያ የባሰ ጥፋት የሚያመጣ ከሆነ፣ ማንነትን ሳይገልጹ ገንዘቡን ብቻ በሆነ መንገድ ማድረስ እንደሚቻል ዑለማዎች ይናገራሉ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ ስመለስ፣ አዎ፣ አለ። አቡ በክር (ረ.ዐ) ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰምተው ባስተላለፉት፣ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ፣ ወንጀል የሠራ ባሪያ ዉዱኡን አሳምሮ ሁለት ረከዓ ሰግዶ ምሕረት ቢለምን አላህ ይምረዋል። ነቢዩም ተከትለው የኣሊ ዒምራንን 135ኛ አንቀጽ አነበቡ፤ እርሷም ምሕረት ለምነው «በሠሩት ስሕተት ላይ እያወቁ የማይዘወትሩትን» ታወሳለች። በእነዚህ ረከዓዎች ለብቻው የተወሰነ ሱራ አልተደነገገም፤ ፋቲሓንና የምትችለውን ቅራ። ከሱብሂ በኋላ ፀሐይ እስክትወጣና ከዐስር በኋላ እስክትጠልቅ ባለው ጊዜ ይህን ሶላት በመስገድ ላይ ዑለማዎች ስለሚለያዩ፣ ከዒሻ በኋላ ወይም በሌሊቱ መጨረሻ ሲሶ ብትሰግደው ልብህ ይረጋል።

ከዱዓ ቃላቱ ሁሉ እኔን የያዘኝ ሰይዱል ኢስቲግፋር፣ ማለትም የምሕረት ልመናዎች አለቃ የሚባለው ዱዓ ነው። በውስጡ «መስተጧዕቱ» የሚል ቃል አለ፤ «በቻልኩት መጠን በቃል ኪዳንህ ላይ ነኝ» ማለት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ያስተማሩን የምሕረት ልመናዎች አለቃ ውስጥ የባሪያው ዐቅም ውሱን መሆኑ ተጠቅሶ ሳየው፣ ከዚያ በፊት ጭንቀት የነበረው ነገር ልመና ሆነልኝ። ጠዋትና ማታ ያዘው፤ በዐረብኛው እስክትሸመድደው ድረስ ትርጉሙን አንብበው።

ዐረብኛ ባይገባህም አትሳቀቅ። ከሰላምታ በኋላ እጅህን አንሥተህ በምትናገርበት ቋንቋ ለምን። እኔ ዛሬም ድረስ፣ የተማርኳቸውን ዱዓዎች ከጨረስኩ በኋላ የምለው እናቴ ሌሊት ስትሰግድ የምሰማትን ነው፤ «ያ ረቢ፣ ወንጀሌን ማረኝ፤ ካንተ በቀር የት እሄዳለሁ።»