ከቶርኖ ወደ ድርጅት

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ባለ አንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል የምሠራ ሜካኒካል መሐንዲስ ነኝ። እስካሁን ከውጭ የሚገቡትን ሻፍቶች (ተሽከርካሪ የማሽን ዘንጎች) እና ዘንጎቹ የሚሽከረከሩባቸውን ቀለበቶች፣ ማለትም ቡሾችን፣ እዚሁ የሚያመርት ወርክሾፕ ለመክፈት አስባለሁ። ጓደኞቼ «የሆንዳ ኩባንያ መሥራች ሶይቺሮ ሆንዳም ከጋራዥ ነው የተነሣው» እያሉ ያበረታቱኛል። ያለኝ ገንዘብ አንድ ያገለገለ ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚጠርብ ማሽን) ቢገዛልኝ ነው። ከሰውዬው ሕይወት ለእኔ የሚሆነኝ የቱ ነው?

መልስ፦ አብሽሩ፤ በአንድ ቶርኖ መጀመር ይቻላል። ከሆንዳ ታሪክ እርስዎን በቀጥታ የሚነካው ሞተር ብስክሌት ከመሥራቱ በፊት ያለው ዘመን ነው፤ ጋራዦቻችን ፋሻ የሚሉትን ፒስተን ሪንግ (የሞተር ፒስተን ላይ የሚገባውን ቀለበት) ለማምረት ሲታገል የነበረበት ጊዜ።

ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1906 ከአንጥረኛ አባት ተወለደ፤ በ1922 ቶኪዮ ባለ ጋራዥ በተለማማጅነት ተቀጠረ። በ1930ዎቹ መጨረሻ ጥገናውን ትቶ ወደ ሪንግ ሥራ ዞረ። ሪንጉ ግን እንደታሰበው አልወጣም፤ ጥንካሬው አልመጣም። ምክንያቱን ያወቀው በጃፓን የሃማማትሱ ከተማ የቴክኒክ ትምህርት ቤት መምህራንን ጠይቆ ነው፤ ብረቱ ውስጥ ያለው ሲሊከን አንሷል። ሪንጉ በሚሠራበት ካስት አይረን (ቀልጦ በቅርጽ የሚፈስ ብረት) ውስጥ ሲሊከን ሲያንስ ካርቦኑ ግራፋይት (ለስላሳ ካርቦን) መሆኑ ይቀርና ከብረቱ ጋር ተዋሕዶ ተሰባሪ ካርባይድ ይሆናል። ሆንዳ ፋብሪካውን እየመራ እዚያው ትምህርት ቤት ገብቶ ስለ ብረት ተማረ። ከዚያም በኋላ ለቶዮታ ካቀረባቸው 50 ናሙናዎች የጥራት ፍተሻውን ያለፉት 3 ብቻ ነበሩ።

የእርስዎም ፈተና ከብረቱ ይጀምራል። ብዙ ቶርኖ ቤት የተገኘውን ለስላሳ ብረት ይጠርብና ሻፍት ብሎ ያስረክባል። ለስላሳ ብረት ካርቦኑ ትንሽ ስለሆነ፣ አግለው ውሃ ውስጥ ቢነክሩትም አይጠነክርም። ሲ 45 የሚባለውን፣ ካርቦኑ መካከለኛ የሆነውን ብረት ይፈልጉ፤ ከ820 እስከ 860 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አግለው ይንከሩት፣ ሳያሳድሩም መልሰው በማሞቅ ያለዝቡት። ካደረ ሊሰነጠቅ ይችላል። ሲነከር ስለሚጣመም ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊሜትር ትርፍ ይተዉለትና በመጨረሻ በግራይንደር (በሚሞርድ ድንጋይ) ልኩን ያስይዙት። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ደጃፍዎ ላይ ነው፤ ብረት የሚያውቅ መምህር ፈልገው ማማከር ነውር የለውም።

ልኩ ደግሞ አለ። የተበላውን ቡሽ በካሊፐር ለክቶ ያንኑ መቅዳት መበላቱን ራሱን መቅዳት ነው። ሻፍቱን ቡሽ በማይነካው ቦታ ይበልጥ ትክክለኛ በሆነው መለኪያ፣ በማይክሮሜትር ይለኩ። ለ25 ሚሊሜትር ተሽከርካሪ ሻፍት የቡሹ ቀዳዳ ከ25.000 እስከ 25.021፣ ሻፍቱ ከ24.959 እስከ 24.980 ቢሆን ዘይት የሚገባበት ክፍተት ይኖራል። ብዙዎች የሚስቱት ግን ሌላ ነው፤ ቡሹ ማሽኑ ላይ ወዳለው መቀመጫው በፕሬስ ተጨምቆ ሲገባ ቀዳዳው ይጠባል። ቶርኖው ላይ ትክክል የነበረ ቡሽ ማሽኑ ላይ ሲገጠም ሻፍቱን አንቆ ይይዛል፣ ይግላል፣ ይጣበቃል። ስለዚህ ቀዳዳውን ትንሽ አጥብበው ይተዉት፤ ከገባ በኋላ በሪመር (ቀዳዳን በጥቂቱ አስፍቶ ልኩን በሚያስይዝ መሣሪያ) ይጨርሱት።

ወደ ገንዘቡ እንመለስ። ሆንዳ ኩባንያውን በ1948 አቋቋመ፤ ያዳነው ግን በ1949 የመጣው ታኬኦ ፉጂሳዋ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ፉጂሳዋ ሽያጩንና ሒሳቡን ጠቅልሎ ያዘ፤ ሆንዳ የድርጅቱን ማኅተም ሳይቀር ለእርሱ ትቶ ከሞተሩ ጋር ዋለ። በ1952 ፉጂሳዋ ብስክሌት ላይ የሚገጠመውን ትንሽ ሞተር ለመሸጥ በመላው ጃፓን ወደ 50 ሺህ ለሚጠጉ የብስክሌት ሱቆች ደብዳቤ ላከ። የተስማሙት ሱቆች ክፍያውን አስቀድመው ላኩ፤ ፋብሪካው በደንበኞቹ ገንዘብ ተንቀሳቀሰ። ሁለቱ በ1973 አብረው ጡረታ ወጡ፤ ልጆቻቸውንም ኩባንያው ውስጥ አላስገቡም።

እርስዎም ሒሳብ የሚይዝ፣ «ይህ ዋጋ አያዋጣም» ብሎ ፊት ለፊት የሚናገር ሰው ከጎንዎ ያስቀምጡ። ዋጋ ሲተምኑ የብረቱን ብቻ አያስቡ፤ የተቆረጠውና የተበላሸው፣ የመቁረጫው ቢላ፣ የማሽኑ ሰዓት፣ መብራት ጠፍቶ የቆሙበት ጊዜም ወጪ ነው። በአንድ ዓይነት ዕቃ ይጀምሩ። ሦስት ናሙና ሠርተው ያስገጥሙ፣ በየሳምንቱ ሄደው ይለኩ፤ የልኬቱን ውጤት ይዘው ውል ሲዋዋሉ ቢያንስ የብረቱን ዋጋ በቅድሚያ ይጠይቁ።

አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። አሁን ለሚሠሩበት ፋብሪካ እዚያው ተቀጥረው ሳሉ ዕቃ ማቅረብ የጥቅም ግጭት ነው፤ ቡሹን የሚያዝዘውም የሚረከበውም የእርስዎ ክፍል ነውና። የመጀመሪያ ደንበኛዎን ከሌላ ፋብሪካ ይፈልጉ፤ ወይም ለአለቃዎ በጽሑፍ ያሳውቁና የርክክቡን ፍተሻ ሌላ ክፍል እንዲይዘው ያድርጉ። የፋብሪካውን ድሮዊንግም (የዕቃ ንድፍ) ያለ ፈቃድ ይዘው አይውጡ።