ቄጠማውን ከነሥሩ ንቀይው

እህቴ፣ «ደምቢያ ላይ የሰበሰብኳቸውን ቄጠማዎች እንዴት ለይቼ ሳይንሳዊ ስማቸውን ላግኝ?» ያልሽውን አየሁ። እኔም ለመመረቂያ ጽሑፌ በዚሁ ነገር ፍዳዬን አይቻለሁ። ግንዱ ሦስት ማዕዘን መሆኑን ታውቂያለሽ፣ እሱን ልዝለለው።

1. ከነሥሩ ንቀይው። እኔ ከመገጭ ወንዝ ዳር አርባ ምናምን ናሙና ያጨድኩት በማጭድ ነው፣ ልክ ለበዓል እንደሚጎዘጎዘው! በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ በካርቶን ጭኜ፣ በአውቶብስ አዲስ አበባ ድረስ ተሸከምኩት። ናሙናዎቹን እንዲለይልኝ የተቀበለኝ ሰውዬ አንዱን ገለጥ አድርጎ «ቡና ልታፈላ ነው እንዴ?» አለኝ፣ ያውም ሰው ፊት። ደሜ ፈላ። ግን ነገሩ ልክ ነበር። ከመሬት በታች ያለው ሽንኩርት መሳይ ነው ወይስ አግድም የሚሄድ ግንድ? ይህ ካልታየ ብዙዎቹ አይለዩም። ስትቆፍሪ ደግሞ መሬቱ እርጥብ እያለ ይሁን። የደምቢያ ዋልካ አንዴ ከደረቀ ሥሩን በጥሶ ያስቀረዋል።

2. ፍሬው ይብሰል። ሐምሌ ላይ ለምለም ሆኖ ሲያምር እንዳትሸወጂ። የበሰለችው ፍሬ የጤፍ ታህል ብትሆን ነው፤ ባለሁለት ጎን ትሁን ባለሦስት በማጉያ መነጽር ታያለሽ። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ክረምት ሙሉ ከሰርኩ።

3. ስሙ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የሳይንሳዊ ስም አሰጣጥን ያስጀመረው ስዊድናዊው ሊኔየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ሳይፐረስ ፍላቬሴንስ ያለውን ተክል በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች ፒክሬየስ ፍላቬሴንስ አሉት። አሁን በዘረመል ጥናት ፒክሬየስም ኪሊንጋም የተባሉት ወገኖች (ጂነሶች) ወደ ሳይፐረስ ተመልሰዋል። አማካሪዬ ግን የድሮውን ስም ይዞ የኔን በቀይ አሰመረበት! ሁለቱም የአንዱ ተክል ስም መሆኑን ለማስረዳት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። አንቺ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፊና ገላገይ።

ያገሩን ስም አትመኚው። ቅዳሜ ገበያ ቄጠማ የሚሸጡ አንዲት እናት ሦስት ዓይነት አሳይቻቸው «ሁሉም ቄጠማ ነው ልጄ» አሉኝ። ፊላን ደግሞ ከነጭራሹ እንዳትቀላቅይ፣ ቤተሰቡ ሌላ ነው። ጎርጎራ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ብቻ አያደናግርም፤ ሳይፐረስ ፓፒረስ ነው፣ አለቀ። ለሌሎቹ የኢትዮጵያና ኤርትራ ፍሎራ የተባለውን የዕፅዋት መጽሐፍ 6ኛ ቅጽ ፈልጊ።

በዓመቱ ቄጠማውን ከነጭቃው ከነሥሩ ይዤ ተመለስኩ። ያ የአዲስ አበባው ሰውዬ ሰላም እንኳ አላለኝም፣ ግን ወንበር ሳበልኝ። መቆፈሪያ ከሌለሽ የኔን ውሰጂ፣ አዘዞ ነኝ።