የጠቆረ ጋርኔት ቆርጬ ከሰል መሰለብኝ ላልከው

ወንድሜ "የመጀመሪያዬን ጋርኔት (የጌጥ ድንጋይ) ቆርጬ ስጨርስ ጥቁር ሆነብኝ፣ ሌላ ድንጋይ ልሞክር ወይ?" ላልከው፣ ኧረ አትቀይር! የኔም የመጀመሪያዎቹ ሶስቱ እንደዛ ነው የወጡት። ስፋቱ 10 ሚሊሜትር ነው ያልከው አይደል? በቃ ችግሩ እሱ ነው።

አልማንዲን (ቀዩ የጋርኔት ዓይነት) ቀይነቱ ከብረት ነው የሚመጣው፣ ብርሃኑ ውስጡ ብዙ በተጓዘ ቁጥር እየተዋጠ ይሄዳል፣ ስለዚህ 10 ሚሊ ላይ ከሰል የመሰለህ ያው ድንጋይ 5 ሚሊ ላይ ደስ የሚል ቀይ ሊሆን ይችላል። ትልቁን ጥሬ መክፈል እንደሚያንገበግብ አውቃለሁ፣ ግን ከአንድ ጥቁር ሶስት ትንንሽ ቀይ ይሻላል።

ጥሬውን ስትመርጥ የስልክ መብራት ከጀርባው የምታበራው ስንጥቅና ቆሻሻ ለማየት ብቻ ይሁን፣ ለቀለም በጣም ያታልላል፣ እኔን ብዙ ጊዜ ሸውዶኛል። ድንጋዩን ውሃ አስነክተህ ነጭ ወረቀት ላይ አድርገህ በመስኮት ብርሃን እየው። ጠርዙ ቀይ ሆኖ መሃሉ ከጨለመ፣ ቀዩ የሚያልቅበት ጋር ውፍረቱን በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ለካ፣ የምትቆርጠው ድንጋይ ጥልቀት ከዛ ባይበልጥ ነው የምመክርህ።

የፊቶቹ (የምትቆርጣቸው ጠፍጣፋ ገጾች) አንግል ደግሞ ኳርትዝ ለሚባለው ሌላ ድንጋይ የተሰራ ዲዛይን ወስደህ ከሆነ ያለምክንያት ጥልቅ አድርገኸዋል። ኳርትዝ ከስር 42፣ 43 ዲግሪ ይፈልጋል፣ አልማንዲን ግን ብርሃን የማጠፍ አቅሙ 1.79 አካባቢ ስለሆነ ብርሃኑ ከስር ማምለጥ የሚጀምረው ከ34 ዲግሪ ገደማ በታች ስትወርድ ነው፣ 38 ላይ ብትቆርጠው በደንብ ይመልሳል። ላይኛውንም ዝቅ አድርገው፣ ፊቶቹም ጥቂትና ሰፋፊ ይሁኑ፣ ትንሽ ጠቆር ያለ ድንጋይ ላይ ብዙ ደቃቅ ፊት ብታበዛ አይታይም። ግን አንግል ትንሽ ነው የሚረዳህ፣ ዋናው መጠኑ ነው።

ሌላው ሙቀት። ሲቆረጥ የሚያዝበት ዘንግ ላይ በሰም ለጥፌ ገና ትኩስ እያለ ውሃ ያስነካሁት አንዱ ድንጋይ መሃሉ ላይ ተሰነጠቀብኝ፣ ከዛ ወዲህ ኤፖክሲ ብቻ ነው የምጠቀመው፣ አንድ ሌሊት ማስቀመጥ ነው እንጂ ሌላ ጣጣ የለውም።

ማለስለሱ ቀላል ነው፣ በ600፣ 1200፣ 3000 ቁጥር ዲስክ (ቁጥሩ ሲጨምር እየደቀቀ ይሄዳል)፣ ከዛ ወይ 60,000 የዳይመንድ ዱቄት ወይ አልሙኒየም ኦክሳይድ። ግን ጥቁር ድንጋይ ላይ ጭረት ይደበቃል፣ እኔ መብራቱን በጎን ዝቅ አድርጌ የአምፖሉ ምስል ፊቱ ላይ ሲያርፍ አያለሁ፣ ምስሉ የሆነ ቦታ ላይ ከተቆረጠ ወይ ከደበዘዘ ወደ 3000 እመለሳለሁ። ፊቱ ዳር እስከዳር አምፖሉን ጥርት አድርጎ እስኪያሳይህ ወደሚቀጥለው እንዳትሄድ።