የቤታችን ገመድ አልባ ዕቃዎች ለማን ይታያሉ? ጥያቄና መልስ

በቤት ውስጥ ኔትወርክና በጥበቃ ካሜራ ዝርጋታ ሥራ ከ10 ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። በዚህ ጊዜ ካጋጠሙኝ ችግሮች አብዛኞቹ የመጡት ከረቀቀ ሌባ ሳይሆን፣ ዕቃው በተገጠመበት ዕለት ሳይለወጥ ከቀረ የፋብሪካ የይለፍ ቃልና ገጥሞ በሄደው ሰው እጅ ከቀረ ቁልፍ ነው። ከላካችኋቸው ጥያቄዎች ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። የዋይፋዩን ወርኃዊ ክፍያ ከሦስት ጎረቤቶቼ ጋር እንካፈላለን፤ ኢንተርኔቱን የሚያከፋፍለው ሣጥን (ራውተሩ) ያለው እኔ ቤት ነው። በስልኬና በኮምፒዩተሬ የምሠራውን ማየት ይችላሉ?

መልስ፦ የሚያዩትም የማያዩትም ስላለ ለይቼ ልንገርዎ። የባንክ መተግበሪያዎ፣ የዋትስአፕና የቴሌግራም መልእክቶችዎ እንዲሁም አድራሻቸው በኤችቲቲፒኤስ የሚጀምር ድረ ገጾች ይዘታቸው ከስልክዎ ከመውጣቱ በፊት በምስጠራ ስለሚቆለፍ፣ በዚያው ዋይፋይ ላይ ያለ ጎረቤት ሊያነበው አይችልም። ነገር ግን አንድ ዋይፋይ የሚጋሩ ዕቃዎች በአንድ ግቢ ውስጥ እንዳሉ ቤቶች ናቸው፤ የግቢውን በር ያለፈ ሰው የሚጠብቀው የየቤቱ በር ብቻ ነው። ስለዚህ ጎረቤትዎ በነፃ በሚጫን መተግበሪያ በዋይፋዩ ላይ ያሉትን ዕቃዎች መዘርዘር፣ በቴሌቪዥንዎ ላይ የራሱን ቪዲዮ መልቀቅ፣ ያለ ይለፍ ቃል የተጋራ የኮምፒዩተር ፎልደር መክፈት፣ የካሜራዎ የይለፍ ቃል ካልተለወጠም ሳሎንዎን መመልከት ይችላል።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን የራውተሩ መቆጣጠሪያ ገጽ ነው። አንድ ደንበኛ ቤት «ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ሆነብን» ተብዬ ሄጄ ራውተሩን ገለበጥኩና ከሥሩ የተለጠፈውን ወረቀት አነበብኩ፤ አድራሻው 192.168.1.1፣ የተጠቃሚ ስሙ አድሚን፣ የይለፍ ቃሉም አድሚን። በስልኬ ስገባ አራት ሰው በሚኖርበት ቤት 14 ዕቃ ተገናኝቶ አገኘሁ። ባልና ሚስቱ «ይሄ የእኔ፣ ይሄ የልጁ ታብሌት፣ ይሄ ቴሌቪዥኑ» እያሉ ሲቆጥሩ ዘጠኝ ላይ ቆሙ። ከቀሩት አምስቱ አራቱ የታች ፎቅ ጎረምሳና የጓደኞቹ ስልኮች ነበሩ፤ አምስተኛው የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ወደዚህ ገጽ የገባ ሰው፣ የጻፉት የድረ ገጽ ስም ወደ የትኛው ኮምፒዩተር እንደሚያመራ የሚወስነውንና ዲኤንኤስ የሚባለውን ቅንብር ለውጦ ወደ አስመሳይ ገጽ ሊወስድዎ ይችላል።

የመቆጣጠሪያ ገጹን የይለፍ ቃል ዛሬውኑ ይለውጡ፤ ይህ ለጎረቤቶችዎ ከሰጡት የዋይፋይ የይለፍ ቃል የተለየ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ከዚያም በዚያው ገጽ ላይ «የእንግዳ ኔትወርክ» የሚለውን ከፍተው ጎረቤቶችዎን ወደዚያ ያዛውሩ። ኢንተርኔቱን እንደ ቀድሞው ይጠቀማሉ፤ የእርስዎን ዕቃዎች ግን አያዩም። ክፍያችሁም ወዳጅነታችሁም አይነካም።

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አዲስ አበባ ለብቻዋ የምትኖረው እናቴ ቤት ካሜራ አስገጥሜ በስልኬ እከታተላለሁ። የገጠመውን ሰው በአካል አላውቀውም። ሊያሳስበኝ ይገባል?

መልስ፦ መጀመሪያ የካሜራው ባለቤት ማን እንደሆነ ይመርምሩ። በእነዚህ መተግበሪያዎች ዘንድ ባለቤት የሚባለው ዕቃውን የገዛው ሳይሆን፣ በመጀመሪያ ኪውአር ኮዱን በስልኩ አንስቶ የመዘገበው ሰው ነው። የእኛን የገጣሚዎቹን አሠራር ላስረዳዎ፤ እናትዎ ቤት ስንደርስ መተግበሪያውን የሚጭን ስማርት ስልክ ላይኖር ይችላል፣ እርስዎ ጋ ደግሞ ሌሊት ነው፤ ስለዚህ ገጣሚው በራሱ ስልክና በራሱ ኢሜይል ይከፍተውና ነገ ጠዋት ለእርስዎ ያጋራዎታል። እርስዎ ምስሉን ሲያዩ ሥራው አለቀ ብለው ያመሰግኑታል፤ የተሰጠዎት ግን ቁልፉ ሳይሆን የቁልፉ ቅጂ ነው።

ይህን የማውቀው እኔም በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመታት እንዲሁ አደርግ ስለነበረ ነው። አንድ ማታ መተግበሪያውን ስከፍት የቆዩ ደንበኞቼ ሳሎኖች በረድፍ ተደርድረው ታዩኝ፤ በአንዱ ውስጥ አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ሥዕል አድርገው ይጸልዩ ነበር። በጣም አፈርኩ። በሳምንቱ ለሁሉም እየደወልኩ ባለቤትነቱን አዛወርኩ።

እርስዎ ማድረግ ያለብዎ ይህ ነው። በመተግበሪያው ውስጥ የዕቃውን ቅንብር ከፍተው «ባለቤት» ወይም «የተጋራ» የሚል ቃል ይፈልጉ። «የተጋራ» ከሆነ፣ ገጣሚው በራሱ ስልክ ላይ ካሜራውን እንዲሰርዝ ይጠይቁት፤ በብዙ ምርቶች የቀድሞው ባለቤት ካልለቀቀ ሪሴት ማድረግ (ዕቃውን ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ መመለስ) ብቻውን አይበቃም። ከዚያ እናትዎ ጋ የሚሄድ ዘመድ የሪሴት ቁልፏን ተጭኖ ይያዝ፤ እርስዎም በራስዎ ኢሜይል እንደ አዲስ ይመዝግቡት፤ በሁለት ደረጃ የሚያረጋግጠውን መግቢያም ያብሩ። ካሜራው ምስሉን ቀድቶ ከሚያስቀምጠው ሣጥን (ዲቪአር) ጋር የተያያዘ ከሆነ ዲቪአሩ ላይ ያሉትን የተጠቃሚ ስሞች አንድ በአንድ ያስቆጥሩ።

የገጣሚውን ያህል ባይሆንም ኩባንያዎቹም ያሳስባሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ሪንግ የተባለውን የካሜራ አምራች የከሰሰው፣ ሠራተኞቹና የኮንትራት ሠራተኞቹ የደንበኞችን የግል ቪዲዮ ማየት የሚችሉበትን በር ክፍት ትቷል በሚል ሲሆን፣ ኩባንያው 5.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። በዚህ ምክንያት የእኔ ምክር ካሜራው በሩንና ግቢውን እንጂ ሳሎኑንና መኝታ ቤቱን እንዳያይ ነው። ሳሎን የግድ ከሆነም የድምፅ መቅጃው ይጥፋ፤ እናትዎና አብራቸው የምትኖረው የቤት ሠራተኛም ካሜራው የት እንዳለ፣ ምን እንደሚያይና ማን እንደሚመለከተው በግልጽ ይነገራቸው።

ጥያቄ፦ እኔ ባለሥልጣን አይደለሁ፣ ሀብታም አይደለሁ። የእኔን ቤት ለማየት ማን ይደክማል?

መልስ፦ ማንም አይደክምም፤ የሚደክመው ማሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ፕሮግራም ኢንተርኔቱን እየዞረ ያገኘውን ካሜራ፣ ዲቪአርና ራውተር ሁሉ በር ሲያንኳኳ፣ በእጁ የነበረው 60 ገደማ የፋብሪካ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ዝርዝር ብቻ ነበር። በዚያ ብቻ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ዕቃዎችን ማርኮ፣ በጥቅምት ወር የድረ ገጽ ስሞችን ወደ ትክክለኛው ኮምፒዩተር የሚመራውን ዳይን የተባለ የዲኤንኤስ ድርጅት በማጥቃት ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ገጾች ለሰዓታት እንዳይከፈቱ አድርጓል። የዕቃዎቹ ባለቤቶች አብዛኞቹ ምንም አልተሰማቸውም።

የሚፈለገው ገንዘብዎ ላይሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2012 ትሬንድኔት የተባለው አምራች ካሜራዎች የይለፍ ቃል ቢደረግባቸውም ያለ ይለፍ ቃል የሚታዩበት ስሕተት ተገኝቶባቸው፣ ወደ 700 የሚጠጉ ካሜራዎች የቀጥታ ምስል በኢንተርኔት ተለቅቆ ነበር፤ የተኙ ሕፃናት ሳይቀሩ ታይተዋል። እነዚያ ሰዎችም የታዩት በሀብታቸው ወይም በሥልጣናቸው ተመርጠው አልነበረም። እንግሊዝ ከሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሁሉም ዕቃ አንድ ዓይነትና በቀላሉ የሚገመት የፋብሪካ የይለፍ ቃል ይዞ መሸጥን በሕግ ከልክላለች፤ እዚህ ገበያ ላይ የምናገኘው ግን ብዙውን ጊዜ የቆየው ዓይነት ስለሆነ ሥራው የእኛ ነው።

ጥያቄ፦ የዋይፋዬን ስም ደብቄዋለሁ። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ስሙ ከስልኩ ዝርዝር ላይ ይጠፋል እንጂ ከአየሩ አይጠፋም። እንዲያውም የተደበቀ ዋይፋይ የለመደ ስልክ በየደረሰበት ስሙን እየጠራ ሊፈልገው ይችላል።

ጥያቄ፦ ራውተሬ የቆየ ነው። ቅንብሩ ላይ ዌፕ፣ ደብሊውፒኤ፣ ደብሊውፒኤ2 የሚሉ ምርጫዎች አሉ። ከጎኑ ደግሞ ደብሊውፒኤስ የሚል ቁልፍ አለው። የትኛውን ልምረጥ?

መልስ፦ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የዋይፋይ ምስጠራ ዓይነቶች ናቸው፤ ከእነሱ ደብሊውፒኤ2ን ይምረጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደብሊውፒኤ3 ካለው ደግሞ እሱን። ዌፕ እ.ኤ.አ. ከ1997 የመጣ ሲሆን በ2001 ተመራማሪዎች ሰብረውታል፤ ዛሬ በደቂቃዎች ውስጥ ይከፈታል።

ስለ ደብሊውፒኤስ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ጠንካራ የይለፍ ቃል ያለውን ሰው የሚያሞኝ እሱ ነው። ይህ፣ የዋይፋዩ የይለፍ ቃል ሳይጻፍ ዕቃ የሚገናኝበት ዘዴ በስምንት አኃዝ ቁጥር ይሠራል። ስምንት አኃዝ ሲባል 100 ሚሊዮን ሙከራ የሚጠይቅ ይመስላል። ነገር ግን ራውተሩ የመጀመሪያዎቹን አራት አኃዞች ለብቻቸው አይቶ ትክክል መሆን አለመሆናቸውን ይናገራል፤ ይህ 10,000 ሙከራ ነው። ከቀሩት አራት የመጨረሻው ከሌሎቹ ተሰልቶ የሚገኝ የማረጋገጫ አኃዝ ስለሆነ የሚገመቱት ሦስት ብቻ ናቸው፤ ይህም 1,000 ነው። 100 ሚሊዮኑ 11,000 ሆነ ማለት ነው፤ ለኮምፒዩተር የሰዓታት ሥራ ነው። ድክመቱ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2011 ሲሆን፣ ብዙ የቆዩ ራውተሮች ዛሬም ክፍት አድርገውት ይገኛሉ። ያጥፉት።

ጥያቄ፦ እኔ ዋይፋዬን ያለ ይለፍ ቃል ክፍት አድርጌዋለሁ። ተማሪዎች ደጄ ላይ ተቀምጠው ይጠቀሙበታል። ለጽድቅ ብዬ ነው።

መልስ፦ ልብዎ ይባረክ፤ ነገር ግን ክፍት ዋይፋይ ላይ ምስጠራ ባለመኖሩ፣ መተግበሪያው ራሱ ያልቆለፈው ነገር ሁሉ በአየር ላይ ግልጽ ሆኖ ይሄዳል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2010 ያመነውን ነገር ያስታውሱ፤ መንገዶችን ፎቶ የሚያነሱት መኪኖቹ በብዙ አገሮች ሲዞሩ ከክፍት ዋይፋዮች ኢሜይልና የይለፍ ቃል ጭምር እየቀዱ ሄደዋል። በ2013 ከ38 የአሜሪካ ግዛቶች ጋር 7 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ጉዳዩን ጨርሷል። እነዚያ መኪኖች በደጅ ከማለፍ በቀር ያደረጉት ነገር የለም። በሌላ በኩል፣ በእርስዎ መስመር ማንም ሰው ወንጀል ቢሠራበት መስመሩ የተመዘገበው በእርስዎ ስም ስለሆነ መጀመሪያ የሚጠየቁት እርስዎ ሊሆኑ ይችላሉ። የእንግዳ ኔትወርክ ይክፈቱና የይለፍ ቃሉን ለተማሪዎቹ ይስጧቸው፤ በየወሩም ይለውጡት። ጽድቁ አይቀንስም።

ጥያቄ፦ ዱባይ ሰው ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። በአሠሪዎቼ ዋይፋይ ከቤተሰቤ ጋር ሳወራ ይሰሙኛል? ቤቱ ውስጥ ካሜራም አለ።

መልስ፦ እኅቴ፣ እንደ ዋትስአፕ ባለ በምስጠራ በሚሠራ መተግበሪያ የሚያወሩትን በዋይፋዩ በኩል አያዳምጡትም። የዋይፋዩ ባለቤት ሊያውቅ የሚችለው ስልክዎ መቼ እንደተገናኘና ወደ የትኞቹ ገጾችና መተግበሪያዎች እንደሄደ ነው። ይሁን እንጂ የካሜራው ማይክራፎን ባለበት ክፍል ሆነው ካወሩ ድምፅዎ በቀጥታ ይቀረጻል፤ ስለዚህ ስለ ደመወዝዎም ሆነ ስለ ጤናዎ ሲያወሩ ካሜራ የሌለበት ቦታ ይምረጡ፤ ከቻሉም የራስዎን የሲም ዳታ ይጠቀሙ። በቤቱ ታብሌት ወይም ቴሌቪዥን ላይ በራስዎ አካውንት አይግቡ፤ ስልክዎን «እናስተካክልልሽ» ብለው ከወሰዱትም ሲመለስ በዋትስአፕ ቅንብር ውስጥ «የተገናኙ መሣሪያዎች» የሚለውን ከፍተው የማያውቁት ኮምፒዩተር ካለ ያስወጡት። ካሜራውን በራስዎ ነቅለው አይጣሉ፤ ክስ ሊያስከትልብዎት ይችላል። በሚተኙበት ወይም በሚታጠቡበት ክፍል ካገኙ ግን ዝም አይበሉ፤ ለቆንስላውና ለቀጠረዎ ኤጀንሲ ያመልክቱ።

ጥያቄ፦ ለልጄ የሚያወራ አሻንጉሊት ከውጭ ተላከልኝ። ብሉቱዝ አለው። ችግር አለው?

መልስ፦ ሊኖረው ይችላል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2017 ጀርመን «ካይላ» የተባለችውን አሻንጉሊት ከገበያ ያገደችው፣ ማንም በአቅራቢያ ያለ ሰው ያለ ምንም ቁጥር በብሉቱዝ ተገናኝቶ ከልጁ ጋር ማውራትና ልጁን ማዳመጥ ስለሚችል ነው፤ ወላጆችም እንዲያስወግዷት ተነግሯቸዋል። በሌላ ሰው ስልክ ይሞክሩት፤ ምንም ሳይጠይቅ ከተገናኘ ባትሪውን ያውጡለት፤ ልጅዎ ያለ ድምፁም ይጫወትበታል።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ የጠየቅኩት ነኝ። እንዳሉት መተግበሪያውን ስከፍት «የተጋራ» ይላል። ገጣሚው ላይ ደውዬ ዝርዝሩን በፎቶ ላከልኝ፤ ካሜራው ለሦስት ሰዎች ተጋርቷል። እኔና እኅቴ አለን፤ ሦስተኛውን አላውቀውም። ገጣሚው «የሥራ ባልደረባዬ ነው» አለኝ።

መልስ፦ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ብልሽት ሲኖር እንዲያይለት ብሎ ጨምሮት ይሆናል። ቢሆንም እናትዎ አልፈቀዱለትም። ፎቶውን ያስቀምጡት፤ ወደፊት ነገር ቢመጣ ማስረጃዎ ነው፤ በኢትዮጵያ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው የኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትን ያስቀጣል። አሁን ግን በክስ አይጀምሩ፤ ባለቤትነቱ ያለው በገጣሚው እጅ ስለሆነ ከተቀየመ ሥራው ይዘገይብዎታል። በትሕትና «ዕቃውን ከስልክህ ሰርዝልኝ» ይበሉት፤ ሲሰርዝ ምስሉ ከእርስዎም ስልክ ላይ ይጠፋል፣ አይደንግጡ። የወንድምዎ ልጅ ወይም ሌላ የሚያምኑት ሰው እናትዎ ጋ እስኪደርስ ድረስ ካሜራው ከሶኬቱ ተነቅሎ ይቆይ።