የሳምንቱን ሜኑ ተይው፣ ቁሌቱን አቁላዪ

አብሽሪ እህቴ። ጥያቄሽን ሳነብ ከራሴ ጓዳ የተጻፈ ነው የመሰለኝ።

ጥያቄውን ላላያችሁት ባጭሩ፦ እህታችን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ተዛውራለች። እሷም ባሏም ሠራተኞች ናቸው። ሦስት ልጆች አሏቸው። ማታ ማታ «ዛሬ ምን እንብላ?» የሚለው ጥያቄ አሰልችቷታል። የሳምንቱን ሜኑ አውጥታ፣ እሁድ ሁሉንም አብስላ ፍሪጅ ብታስገባ ትወድ ነበር። ባሏ ግን «የከረመ ወጥ አልበላም» ብሏል። በዚያ ላይ መብራት ይጠፋል። ደሴ ከገባች ወዲህ ደግሞ ሊጡ አልቦካ፣ ክኩም አልበስል እያላት ነው።

እኔም ደሴ ነው የምኖረው። ሥራም ልጆችም አሉኝ። በኛ ቤት እንዴት እንደምናደርግ ልንገርሽ።

የሰባት ቀን ሜኑ ጽፎ ፍሪጅ ላይ መለጠፍ ለኛ ኑሮ አይሆንም ባይ ነኝ። ዘመድ ይመጣል፣ ልቅሶ ይኖራል፣ ልጅ ያተኩሰዋል፤ ወረቀቱ እዚያው ተለጥፎ ይቀራል። ደግሞም ሳምንቱ ግማሽ በግማሽ ወጥቶ ያደረ ነው። ጿሚ ከሆንሽ ረቡዕና አርብ አያከራክርም። የቀረውን የሚወስነው እንጀራው ነው። እንጀራው ትኩስ በሆነ ቀን ወጥ፣ መድረቅ ሲጀምር ፍርፍር። ከዚህ ውጭ የሚቀርሽ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ነው። ለሱ ሜኑ አያስፈልግም።

አስቀድሞ መሠራት ያለበት ቁሌቱ ነው። እስቲ ልብ በዪ፣ ጊዜሽን የሚበላው ምስሩ አይደለም። ሽንኩርት መላጡ፣ መክተፉና ማቁላላቱ ነው። እሱ ካለቀ የሥራ ቀን ማታ ወጥ መሥራት ቀላል ነው።

እኔ እሁድ ጠዋት ነው የማቁላላው። የተከተፈው ቀይ ሽንኩርት ያለ ዘይት ድስት ውስጥ ይገባል። በራሱ ውሃ ይንተከተካል። ውሃው መጥጦ ከድስቱ ሥር መያዝ ሲጀምር ዘይት እጨምራለሁ። እዚህ ላይ ግማሹን ቀንሼ ለአልጫና ለልጆች አስቀምጣለሁ። በቀረው ላይ በርበሬው ይገባል። ከዚያ እሳቱን ቀንሶ፣ ሙቅ ውሃ ጠብ እያደረጉ ማማሰል ነው። እዚህ ቦታ አትቸኩዪ። የበርበሬው ጥሬ ሽታ ሲጠፋና ዘይቱ ወደ ጠርዝ ወጥቶ ቀይ ሆኖ ሲታይ ደርሷል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉን ወደ መጨረሻው አስገብቼ አንድ ላይ ትንሽ ይበስላል።

ቅቤ አላስገባም። ቅቤ ከገባበት ረቡዕ አይሠራማ! ጨውና መከለሻም በዕለቱ ነው። እንዲህ ከሆነ አንዱ ቁሌት ለጾሙም ለፍስኩም ይሆናል። ሰኞ ሥጋ ወጥ ብትሠሪበት ንጥር ቅቤውን ስታወጪው ጣል ታደርጊበታለሽ። አርብ ደግሞ በዚያው ቁሌት ምስር።

መጠኑን ከፈለግሽ፣ ለአምስት ሰው ሁለት ጭልፋ ቁሌት ለሁለት ብርጭቆ ምስር ክክ ይበቃል። ለሽሮ አንድ ጭልፋ ይበቃል። በርበሬ ያልገባበትን ቲማቲም ከትፈሽ ብትጨምሪበት የፓስታ ስጎ ነው። በማታ ፓስታ የሚያፍሩ እናቶች አሉ፤ እኔ አላፍርም። ሐሙስ ማታ እኛ ቤት ፓስታ ነው፣ ልጆቹም ይጠብቁታል። ጥዋት ለምሳ ዕቃ ፍርፍር ስትሠሪም ቁሌቱን በውሃ ቀጠን አድርገሽ እንጀራውን መፈርፈር ብቻ ነው።

ለባልሽ እንግዲህ ይህን ንገሪው፦ ወጡ የዛሬ ነው፣ የከረመው ሽንኩርቱ ብቻ ነው። ለነገሩ ዶሮ ወጥ ሲሆን «በማግስቱ ነው የሚጥመው» የሚሉት እነሱው ናቸው። አሁንም ካላመነ ሽንኩርት የመላጡን ሥራ ለሱ ስጪው። እኛ ቤት እንደዚያ ነው ክርክሩ የተዘጋው።

አሁን ስለ አቀማመጡ። እዚህ ላይ ጠንቀቅ በዪ። ትኩሱን ድስት እንዳለ ፍሪጅ ውስጥ አታስገቢ። ትልቅ ድስት መሀሉ እስኪበርድ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፣ ያን ጊዜ ነው የሚበላሸው። ክዳን ባላቸው ትናንሽ ዕቃዎች ከፋፍዪው፣ ለአንድ ማታ የሚሆነውን ለየብቻ። ዕቃዎቹን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ላይ አስቀምጫቸው፤ የደሴ የቧንቧ ውሃ ለዚህ ሳይፈጠር አይቀርም። በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ መግባት አለባቸው። የበሰለ ነገር ፍሪጅ ውስጥ 3 ወይም 4 ቀን ነው የሚቆየው። ስለዚህ እስከ ረቡዕ ያለውን ታች፣ የሐሙስና የአርቡን ፍሪዘር። ረቡዕ ማታ የሐሙሱን ወደ ታች ታወርጂዋለሽ። ፍሪዘር ከሌለሽ እሁድ ግማሹን፣ ረቡዕ ማታ ግማሹን አቁላዪ። ክዳኑ ላይ ፕላስተር ለጥፈሽ ቀኑን ጻፊበት። ስታሞቂ እስኪንተከተክ ይሁን፣ ለብ አድርጎ ማውጣት አይሠራም። የተረፈውን እየመለሱ ደጋግሞ ማሞቅም እንዲሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ቤት ስለማየው ነው። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ፈጭቶ በዘይት አድርጎ መደርደሪያ ላይ ማቆየት አደገኛ ነው። አየር በማያገኝበት ዘይት ውስጥ ሽታውም መልኩም ሳይቀየር ከባድ መርዝ የሚያወጣ ተህዋሲ ሊራባበት ይችላል። ፍሪጅ ውስጥ ከሆነ ከ4 ቀን አትለፊ። እኔ ከዝንጅብል ጋር ፈጭቼ በበረዶ መሥሪያው ላይ በትንሽ በትንሹ አቀዘቅዘዋለሁ። ወጥ ሲሠራ አንድ ፍሬ ማውጣት ነው።

ጎረቤቴ ሙስሊም ናት፤ ረመዳን ሲቃረብ የምታደርገው ነገር ደስ ይለኛል። ሳምቡሳውን ጠቅልላ ሳትጠብስ ፍሪዘር ትሞላለች። ማታ ለማፍጠሪያ ከፍሪዘር ወደ ዘይት ነው። የሾርባውንም ቁሌት እንዲሁ ቀድማ ትሠራለች። ከሥራ ገብታ በጾም አፍ ሽንኩርት ስትከትፍ አትታይም።

ወደ ሊጡና ወደ ክኩ ልመለስ። ያንቺ ጥፋት አይደለም፣ የሐረጎ ዳገት ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1850 ሜትር ገደማ ነው። ደሴ ወደ 2500 ይጠጋል። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የተጓዝሽው፣ ግን ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እዚያ 94 ገደማ ነበር። የፈላ ውሃ ሁሉ እኩል አይሞቅም ማለት ነው። እሳቱን ብታንቀለቅዪው ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ስለዚህ የአተር ክክ፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ሁሉም ማታውን ተነክሮ ይደር። ፕሬዠር ካለሽ ደግሞ አውጪው፤ እንፋሎቱን አፍኖ ሙቀቱን ከፍ ስለሚያደርገው ዳገቱን ያስረሳል። እኔ እሁድ ሽምብራና ባቄላ አንድ ላይ ቀቅዬ አስቀምጣለሁ። ግማሹ ለንፍሮ፣ ግማሹ ለወጥ።

ሊጡ ደግሞ ብርድ ነው የያዘው። ኮምቦልቻ በሁለት ቀን ኩፍ ይል የነበረው እዚህ ሦስት ቀን፣ በክረምት ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ለብ ባለ ውሃ አቡኪው፣ እርሾውን ጨመር አድርጊ፣ ባልዲውን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልለሽ ከምድጃው አጠገብ አቆዪው። አብሲቱንም አትዝለዪ። እኔ ሐሙስ ማታ አቡክቼ እሁድ ጠዋት እጋግራለሁ፣ ቁሌቱ በአንድ በኩል እየተንተከተከ። ምጣዱ ብዙ ኃይል ስለሚወስድ ሰፈሩ ሁሉ ሳይነሳ መጀመሩ ይሻላል። የተጋገረው እንጀራ በደንብ ሳይበርድ አይደራረብ፣ ላብ ከያዘ በሦስተኛው ቀን ይሻግታል። ማሽላ የምትቀላቅዪ ከሆነ ቶሎ ስለሚደርቅ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት አድርጊው። አክስቴ ከባቲ የሰኞ ገበያ ጥሩ ማሽላ ስትልክልኝ እንደዚያ ነው የማደርገው። ሳምንቱ አጋማሽ ላይ ካለቀ ግን ግዢ። እንጀራ ገዝቶ መብላት ነውር የነበረበት ጊዜ አልፏል።

መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አትክፈቺ። ተዘግቶ ከቆየ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ሞልቶ የተዘጋ ፍሪዘር 48 ሰዓት ገደማ፣ ግማሽ ከሆነ 24። ስለዚህ ባዶውን ቦታ ውሃ በሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ሙዪው። ከዚያ ካለፈና የቀለጠው ነገር ቅዝቃዜው ከጠፋ፣ ቢያሳዝንም ይደፋ።

ፍሪጅ የማይፈልገውንም ከቤት አታጥፊ። እናቶቻችን እኮ ያለ ፍሪጅ ነው ለወራት የሚያቅዱት። ሽሮ አለ፣ በሶ አለ፣ ድርቆሽ አለ። ቋንጣም አለ። ጭኮ ካለ ደግሞ የልጆች ቁርስ ጉዳይ ተዘጋ ማለት ነው፤ ገብሱ የተቆላ፣ ቅቤው የተነጠረ ስለሆነ በደንብ ከተከደነ ቶሎ አይበላሽም። ለጾም ሰሞን ስልጆ አዘጋጂ፤ መብራት ጠፍቶ ማታ ስትገቢ እንጀራ ዘርግቶ መብላት ነው።

ዓሣ ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ትኩስ የሐይቅ ዓሣ ካገኘሽ ያሰብሽውን ተይውና ያን ማታ ጥበሽው።

እንግዳ ሳይነግር ይመጣል፣ ወሎ ነን። ስለዚህ ሁልጊዜ ፍሪዘር ውስጥ ከሒሳብ ውጭ አንድ ዕቃ ቁሌት ይኑር። እሱን ለቤት አትንኪው። ሰው ቡናውን እየጠጣ በረካ ሳይደርስ ምስሩ ይደርሳል።

በመጀመሪያው እሁድ ብዙ ሽንኩርት ተሸክመሽ አትግቢ። ሦስት ኪሎ ይበቃሻል፤ ሲበስል በጣም ነው የሚያንሰው። ሐሙስ ሳይደርስ ካለቀ በሚቀጥለው አምስት አድርጊው። አርብም ተርፎ ካገኘሽው ቅዳሜ ለፍርፍር ይሁን።