ሳይካትሪስት መሆን ለምትፈልግ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የተሰጠ ምላሽ

ውድ ተማሪ፣

ከአራት ኪሎ የላክሽልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። የአእምሮ ሐኪም የመሆን ፍላጎት ያደረብሽ አጎትሽ ታመው ቤተሰቡ ሲጨነቅ ካየሽ በኋላ እንደሆነ ገልጸሻል። ጓደኞችሽ ደግሞ «ሥነ ልቦና የሚገኘው ሶሻል ውስጥ ስለሆነ አሥራ አንደኛ ክፍል ስትገቢ ናቹራልን ተዪው» እያሉ እንደሚመክሩሽ ጽፈሽ፣ በክረምቱ አማኑኤል ሆስፒታል በበጎ ፈቃድ ማገልገል ትችዪ እንደሆነም ጠይቀሻል።

ናቹራልን አትተዪ። ሳይካትሪስት ማለት አስቀድሞ የሕክምና ዶክተር ሆኖ ከዚያ በኋላ በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ ያደረገ ሰው ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያ በምክርና በንግግር ሕክምና ትልቅ ሥራ ይሠራል፤ መድኃኒት ግን አያዝም፣ በማኅበራዊ ሳይንስ በኩል ገብቶም ወደ ሕክምና ትምህርት መሻገር አይቻልም። ይህን አጥብቄ የምነግርሽ ራሴ ስለተሳሳትኩበት ነው። ተማሪዎችን የማማከር ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን እንዳንቺው የጠየቀኝን አንድ ልጅ የሁለቱን ሙያዎች ልዩነት ሳላጣራ ወደ ሶሻል ላክሁት፤ ዲግሪውን ይዞ ሊጠይቀኝ ሲመጣ የነገረኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

መንገዱ ረጅም ነው። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በኋላ የፍሬሽማን ዓመት አለ፤ እዚያ ለሁሉም ተማሪ የሚሰጥ የጠቅላላ ሥነ ልቦና ኮርስ ስላለ የመጀመሪያውን ቅምሻ የምታገኚው ያን ጊዜ ነው። ቀጥሎ የሕክምና ትምህርቱ ይመጣል፤ በኢንተርንነት፣ ማለትም በሆስፒታል የተግባር ልምምድ፣ ተጠናቅቆ ጠቅላላ ሐኪም ትሆኛለሽ፣ ከዚያም ተወዳድረሽ ሬዚደንት (እየሠራ ስፔሻሊቲ የሚማር ሐኪም) ሆነሽ ቢያንስ ሦስት ዓመት ትሠለጥኛለሽ። ሁሉም ሲደመር ከአሥር ዓመት አያንስም። ያም ሆኖ ዛሬ እዚሁ አገር ውስጥ መማር ይቻላል፤ በቀደሙት ዘመናት ለዚህ ሥልጠና ባሕር ማዶ መሄድ ግድ ነበር፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ትምህርት የተጀመረው በካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራን አጋዥነት በ1995 ዓ.ም. ነው። የማለፊያ ነጥብ ማምጣት ብቻውን ለሕክምና ስለማያበቃሽ ከአሁኑ በባዮሎጂና በኬሚስትሪ እንዳትዘናጊ። ምናልባት ሜዲስን ባይደርስሽ በሳይካትሪ ነርስነት ወይም በአእምሮ ጤና የማስተርስ ትምህርት በኩል ከዚያው ታካሚ ዘንድ የሚያደርስ መንገድ አለ።

«ኬሚስትሪ ከሰው ሐዘን ጋር ምን አገናኘው?» ላልሽው አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። በፔሪዮዲክ ሠንጠረዡ ሦስተኛ ሆኖ የምታገኚው ሊትየም በጨው መልክ ለባይፖላር ሕመም (ስሜት ከልክ ባለፈ ፍንደቃና በከባድ ድብርት መካከል ለሚዋዥቅበት ሕመም) የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ ጥቅሙን በ1949 እ.ኤ.አ. ያስተዋለው ጆን ኬድ የተባለ አውስትራሊያዊ ሐኪም ነበር። በሚፈውሰውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ በመሆኑ፣ ከሰውነት የሚወጣውም በኩላሊት በመሆኑ፣ ሐኪሙ የታካሚውን ደም በየጊዜው ማስመርመር አለበት። ስለ ኩላሊት የምትማሪው ምዕራፍ ለፈተና ብቻ እንዳይመስልሽ።

ሆኖም ብዙ መካሪዎች የሚዘነጉት፣ እኔ ደግሞ ከውጤት ባልተናነሰ የምመዝነው ሌላ ዝግጅት አለ፤ እርሱም ቋንቋ ነው። የልብ ሐኪም ማዳመጫ አለው፣ የአጥንት ሐኪም ራጅ ያያል፤ ሳይካትሪስት ግን በአብዛኛው የሚመረምረው በጥያቄና በማድመጥ ሲሆን፣ የታካሚውን አለባበስ፣ አነጋገር፣ ስሜትና ሐሳብ አስተውሎ አንኳር የሆነውን ነገር በራሱ በታካሚው ቃል ይመዘግባል። የእኛ ሰው ደግሞ «ድብርት ይዞኛል» ብሎ የሚጀምረው ከስንት አንዴ ነው። «ሆዴን ባር ባር ይለኛል»፣ «ልቤን ያፍነኛል»፣ «ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ይላል። አንዲት እናት «ጆሮዬ ላይ ይጮህብኛል» ቢሉ የጆሮ ሕመም ነው ወይስ ሌላው የማይሰማው ድምፅ? ይህን የሚለየው ቀጥሎ የሚጠየቀው ጥያቄ ነው፤ ጥያቄው የሚመጣውም አማርኛን ከሥሩ ለሚያውቅ ሰው ነው። ስለዚህ የአማርኛን ክፍለ ጊዜ «ለሜዲስን አይጠቅምም» ብለሽ እንዳትንቂው። ወደ አማኑኤል ከየክልሉ ታካሚ ስለሚመጣ አፋን ኦሮሞ የመማር ዕድል ካገኘሽም አታሳልፊው። በሳምንት አንድ ቀን አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገብተሽ ልብ ወለድ አንብቢ፤ ሰው ሲጨንቀው ምን እንደሚል ከዚያ የሚበልጥ መማሪያ ለጊዜው የለሽም። እግረ መንገድሽን ትንሽ ደብተር ያዢና የሰማሽውን አነጋገር «አዝናለች»፣ «ተናዷል» ብለሽ ሳትተረጉሚ እንዳለ ጻፊው። ቀላል ይመስላል፤ ለሳምንት ሞክሪውና ታዪዋለሽ።

ስለ አጎትሽ የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብሁት። መነሻሽ መልካም ነው፤ ሐኪም ግን የገዛ ዘመዱን እንዳያክም ይመከራልና የእርሳቸው ሐኪም ለመሆን ብለሽ አትማሪ። ቤተሰቡ በጸበሉና በመድኃኒቱ መከራከሩንም እንደ ትምህርት ቁጠሪው። ነገ የሚመጡልሽ አብዛኞቹ ቤተሰቦች ጸበል ቆይተው የሚመጡ ናቸው፤ እምነታቸውን የምታንቋሽሽ ሐኪም ዘንድ ተመልሰው አይመጡም፣ መድኃኒቱም ይቋረጣል። ጸበሉን እየተጠመቁ መድኃኒቱን አለማቋረጥ እንደሚቻል በአክብሮት ማስረዳት የሥራው አካል ነው።

በመጨረሻም ስለ በጎ ፈቃዱ። የሆስፒታል የተኝቶ መታከሚያ ክፍል በአንቺ ዕድሜ ላለ ተማሪ ቦታው አይደለም፤ ታካሚው በሕመሙ ሰዓት በማያውቀው ሰው አለመታየት መብቱ ነው። በትምህርት ቤትሽ የቀይ መስቀል ክበብ ካለ ግቢበት። ከወላጆችሽ ጋር ሆነሽ መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከልን መጎብኘትም ትችያለሽ፤ ስትሄጂ ግን ስልክሽን ቦርሳሽ ውስጥ አድርጊ፣ ፎቶ አታንሺ፣ አንድ ሰው አጠገብ ተቀምጠሽ ሲያወሩሽ አድምጪ። ማታ የሰማሽውን በደብተርሽ ስታሰፍሪ የማንንም ስም አትጻፊ።