አገር ቤት ኢንጂነሪንግ ጨርሶ አሜሪካ የፓተንት ጠበቃ መሆን ለሚፈልገው ወንድማችን

ወንድሜ፣ «አገር ቤት ኢንጂነሪንግ ጨርሼ ነው የመጣሁት፣ እዚህ የፓተንት ጠበቃ ለመሆን ከየት ልጀምር?» ብለሃል። «መጀመሪያ ሎው ስኩል ግባ» ያሉህን ለጊዜው ተዋቸው። እኔም እንዳንተው በዲቪ መጥቼ ቨርጂኒያ ኡበር እነዳ ነበር። የፓተንት ቢሮው፣ ለፈጠራ የባለቤትነት መብት የሚሰጠው፣ እዚሁ አሌክሳንድሪያ ነው። ማታ ማታ ባጅ ያንጠለጠሉ የቢሮውን የማመልከቻ መርማሪዎች ቤታቸው ሳደርስ ነው ነገሩን የሰማሁት።

1. ኤጀንትና አተርኒን ለይ። ሕግ ሳትማር ፓተንት ባር የሚሉትን ፈተና ካለፍክ ኤጀንት ትሆናለህ። ለፈጠራ ባለቤቶች የፓተንት ማመልከቻ ትጽፋለህ፣ ከመርማሪው ጋር ትከራከራለህ። ጠበቃ የምትባለው በኋላ የአንድ ስቴት የጥብቅና ፈቃድ ስታወጣ ነው። ትሬድማርክን (የንግድ ምልክትን) በኤጀንትነት አትነካም፣ እሱ የጠበቃ ሥራ ነው።

2. ለፈተናው ስታመለክት ስለሚጠየቅ ኦፊሻል ትራንስክሪፕትህን ዛሬውኑ አስጀምር። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። «ወረቀት የት ይሄዳል» ብዬ ጥናቱን አስቀደምኩ። ከዚያ እጄ ላይ ያለችውን የተማሪ ኮፒ አያይዤ ለፈተናው አመለከትኩ። አልተሟላም ተባልኩ፣ ማሟያ ቀን ተሰጠኝ። እህቴን ዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ላክኋት። መስኮቱ ጋ ያለችው ሴትዮ ቀና ብላ እንኳ ሳታያት «ኮስት ሼሪንግ አልከፈለም» አለቻት። ሁለት ዓመት ሙሉ ከደሞዜ ሲቆረጥ የነበረው የት እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ! እንደገና ከፈልኩ። በማግስቱ ሲስተም የለም። ደግሞ ሌላ ቀን ፈራሚው ስብሰባ ገብቷል። እህቴ ከሥራዋ እያስፈቀደች አሥራ አንድ ቀን ተመላለሰች። ወረቀቱ ሲደርሰኝ ቀኑ አልፏል፣ የማመልከቻ ብሩም አይመለስም። የአባቴ ስም ደግሞ ፓስፖርቴ ላይ በሁለት ኤስ፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ በአንድ ኤስ ተጽፏል። እሱን ለማስተካከል ሌላ ሁለት ወር ሄደ። አንተም ስምህን ፊደል በፊደል አመሳክር። የፈተና ጣቢያውም መታወቂያህ ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ አያስገባህም።

3. ጥናቱን በተመለከተ፣ ፈተናው 100 ጥያቄ ነው፣ ጠዋት 50 ከሰዓት 50፣ በድምሩ 6 ሰዓት። አሥሩ አይቆጠሩም፤ ከቀሪው 90 ውስጥ 63 ማግኘት አለብህ። የፓተንት ቢሮው የምርመራ መመሪያ፣ ኤምፔፕ የሚሉት፣ ስክሪኑ ላይ ይከፈትልሃል። ይሄ እንዳያዘናጋህ፣ በሺህ የሚቆጠር ገጽ ነው። እኔ መጀመሪያ ሁሉንም እያየሁ እመልሳለሁ ብዬ ከሰዓት በኋላ አሥራ ምናምን ጥያቄ ሳልደርስበት ሰዓቱ አለቀ። ወደቅኩ። የመመሪያውን ምዕራፍ 700 እና 2100ን ሳታይ እስክትመልስ አጥና። ከወደቅክ 30 ቀን ጠብቀህ ትሞክራለህ። እኔ ሌሊት እየነዳሁ፣ ተሳፋሪ ስጠብቅ እያነበብኩ በሁለተኛው አለፍኩ። ለእህቴ ስደውል አገር ቤት እኩለ ሌሊት ነበር። «ነገ ሬጅስትራሯ ጋ ሄጄ ልንገራት?» አለችኝ።

አንድ ነገር ረሳሁ። ፓተንት ቢሮው «ካታጎሪ ኤ» የሚለው የትምህርት ዓይነቶች ዝርዝር አለው። ዲግሪህ እዚያ ውስጥ ካለ መንገዱ አጭር ነው፣ ከሌለ የወሰድካቸውን ኮርሶች አንድ በአንድ ቆጥረህ ታሳያለህ። ዲግሪህ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ስም እንዳለ እዚህ ጻፍልኝ፣ አይቼ እነግርሃለሁ።